የእንጨት ቶርኖ መሣሪያዎች ቁም ሳጥን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቶርኖ፣ ማለትም እንጨቱን በሚያዞር ማሽን፣ እንጨት መቅረጽ የጀመረ ሰው መጀመሪያ ሦስት መሮ ይገዛል። ትንሽ ቆይቶ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ከዚያ እንጨቱን ቶርኖው ላይ ጨብጦ የሚይዘው ቻክ አለ፣ የቻኩ ጥርሶች አሉ፣ ውፍረት የሚለካበት ካሊፐር አለ፣ የብርጭቆ ወረቀት አለ። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ሰጋቱራ ይለብሳል። እኔም እዚህ ደረጃ ላይ ስደርስ ቁም ሳጥን ሠራሁ፤ አልሆነም፤ አፍርሼ ደግሜ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከየት ልጀምር? ኮምፔንሳቶውን ልግዛ?

ቆይ፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ መሣሪያዎቻችሁን በሙሉ ወለል ላይ ዘርግታችሁ ለኩ። መደበኛ የቶርኖ መሮ ከነእጀታው አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ጎድጓዳ ሳህን የሚወጣበት ትልቁ ጋውጅ (ብረቱ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለው መሮ) ግን ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የቁም ሳጥኑን ቁመት የሚወስነው ረጅሙ ነው እንጂ አማካዩ አይደለም።

ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚዘለው ሥራ አለ። ለሁለት ሳምንት ያህል መሮ ባነሣችሁ ቁጥር ወረቀት ላይ ጭረት አድርጉ። እኔ ሳደርገው ትንሽ አፈርኩ። አሥራ አንድ መሮ ነበረኝ፣ እጄ የሚሄደው ግን ወደ አምስቱ ብቻ ነው። አንዱንማ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዴም አልነካሁትም። እንግዲህ ቁም ሳጥኑ የሚሠራው ለነዚያ አምስቱ ነው፤ ሌሎቹ በተረፈው ቦታ ይጠጋጋሉ። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ለሁሉም እኩል ቦታ ይሰጥና ቀኑን ሙሉ የሚጠቀምበትን መሮ ለማንሣት ሲንጠራራ ይውላል።

የት ይቀመጥ? ከቶርኖው ጀርባ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው

ባዶ መሆኑ ነው የሚያታልለው። የመጀመሪያውን ቁም ሳጥኔን የሰቀልኩት እዚያው ነበር። ፊት ለፊቴ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን እንጨቱ እየዞረ ሳለ በላዩ ተሻግሬ መሮ ላነሣ እጄን ዘረጋሁ፤ እጅጌዬ እንጨቱን ነካ አደረገ። ጨርቁ ቶሎ ስለተቀደደ ተረፍኩ። በዚያው ሳምንት አወረድኩት።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ በሚዞር እንጨት ላይ ተሻግሮ የሚነሣ ምንም ነገር አይኑር። ሁለተኛው ደግሞ እንጨቱ ከቻኩ ቢፈነጠር ወይም ቢሰነጠቅ የሚበርበት መስመር አለ። መስመሩ ከእንጨቱ ግራና ቀኝ ጫፍ አይደለም፤ ከሚዞርበት ዘንግ ወደ ጎን፣ ማለትም ወደ እናንተ፣ ወደ ጀርባው ግድግዳና ወደ ላይ ነው። በዚያ መስመር ላይ መስታወት ያለው በር መስቀል ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

የሚመቸው ቦታ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ካለበት ጫፍ በተቃራኒ፣ ጅራቱ በኩል ነው። ካልሆነም ከቆማችሁበት ኋላ፣ አንድ ግማሽ እርምጃ ዞር ብላችሁ የምትደርሱበት። መዞሩ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ሞተሩን ለማጥፋት ምክንያት ይሆናችኋል።

በር ይኑረው ወይስ ክፍት ይሁን?

ይሄኛው ጥያቄ ሰው ያጣላል። ክፍት የሚሉት እጅ ቶሎ ይደርሳል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። በር የሚሉት ሰጋቱራው ይላሉ፤ እነሱም ልክ ናቸው። ቶርኖ ከሌላ የእንጨት ሥራ የሚለየው ፍቅፋቂው በአንድ አቅጣጫ አለመሄዱ ነው፤ ጣሪያም ላይ ይደርሳል። እርጥብ እንጨት ስትቀርጹ ደግሞ ፍቅፋቂው ራሱ እርጥብ ስለሆነ መሮው ላይ ተኝቶ ካደረ ጠዋት ዝገት ታገኛላችሁ።

እኔ የደረስኩበት ሁለቱንም ማድረግ ነው። አምስቱ የዕለት መሮዎች ከቁም ሳጥኑ ውጭ፣ ጎኑ ላይ በተሰቀለች አጭር መደርደሪያ ላይ ይውላሉ። ማታ ተጠርገው ወደ ውስጥ ይገባሉ። የቀረው ሁሉ ከበር ኋላ ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ግን ክርክር የለም፤ በር ከነቁልፉ።

ተንሸራታች በር አትሥሩ። የሚንሸራተትበት ቦይ በሰጋቱራ ይሞላና ትገፉታላችሁ፣ ትገፉታላችሁ፣ አይሄድም። በማጠፊያ የሚከፈት በር ይሻላል፤ ሲከፈት የት እንደሚያርፍ ብቻ አስቀድማችሁ እዩ። በሩ ውስጥ ራሱ መሣሪያ ልትሰቅሉ ካሰባችሁ ሁለት ትንንሽ ማጠፊያ አይችለውም። ከላይ እስከ ታች ድረስ የሚሄደውን ረጅሙን ማጠፊያ ተጠቀሙ።

መሮዎቹ ይቁሙ ወይስ ይተኙ? ስለታቸውስ ወዴት ይዙር?

ቆመው፣ እጀታው ወደ ታች፣ ስለቱ ወደ ላይ። የኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም መሮ የሚመረጠው በጫፉ ቅርጽ ነው። ስለቱ ወደ ታች ከሆነ የምታዩት የእጀታ ሰልፍ ብቻ ነው፤ መቼም ሁሉም እጀታ ይመሳሰላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታች አንድ ጣውላ ላይ ዲያሜትሩ 45 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፤ የእጀታው መጨረሻ እዚያ ይቀመጣል። የእያንዳንዱን ጉድጓድ መሐል በ10 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ እስከ ታች ብሱት፤ አለበለዚያ ጉድጓዱ በሳምንት ውስጥ የሰጋቱራ ስኒ ይሆናል። ከላይ ደግሞ ብረቱ የሚደገፍበት፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ጎድጎድ ያለ ጣውላ ይገባል። ክፍት ይሁን የምለው በምክንያት ነው። የላይኛው ቀዳዳ ዙሪያውን ዝግ ከሆነ መሮውን ለማውጣት ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ መሳብ አለባችሁ፤ የቁም ሳጥኑ ጣሪያ ግን አያስኬድም። ፊቱ ክፍት ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ራስ መሳብ ይበቃል። እኔ ይሄን ያወቅሁት ኮላው ከደረቀ በኋላ ነው።

ከጉድጓድ መሐል እስከ ጉድጓድ መሐል 6 ሴንቲ ሜትር ስጡ። እጀታው ራሱ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር ጣት የሚገባበት ቦታ የሚተርፈው ያኔ ነው። ጫፎቹ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ወደ ጀርባው እንዲደገፉ አድርጉ። ቁም ሳጥኑንም ስለቱ ደረት አካባቢ እንዲሆን ስቀሉት። ከወገብ በታች ከሰቀላችሁት የወደቀ ነገር ለማንሣት ስታጎነብሱ ፊታችሁ ከስለቱ ጋር ይገናኛል።

ቁመት ለሌለው ቦታ ሌላ መንገድ አለ፤ 50 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ቆራርጦ አግድም መደርደር። መሮው በስለቱ በኩል ገብቶ እጀታው ብቻ ይታያል። ቧንቧዎቹን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ኋላ አዘንብሏቸው፤ አለበለዚያ በቶርኖው ንዝረት ቀስ እያሉ ይወጣሉ። የቧንቧው መጨረሻ ላይ ለስላሳ እንጨት ይኑር፤ ስለቱ ብሎኬት እንዳይመታ።

ታዲያ እጀታው ብቻ ሲታይ እንዴት ልለያቸው?

ቶርኖ እያላችሁ? እጀታውን ቶርኖው ላይ አስራችሁ በመሮ ጫፍ ቀጭን መስመር ክፈቱ። ከዚያ እየዞረ ሳለ ቀጭን ሽቦ መስመሩ ላይ ወጥር አድርጉበት። በሰበቃው ሙቀት ጥቁር ቀለበት ይቃጠላል። አንድ ቀለበት ጋውጅ፣ ሁለት ቀለበት ሰያፍ መሮ፣ ሦስት መፋቂያ፣ እንዲህ እያላችሁ። ሽቦውን ግን በምንም ተአምር ጣታችሁ ላይ አትጠምጥሙ። በሁለቱ ጫፎች ትንሽ የእንጨት መያዣ እሰሩለት፤ ቢይዘው ለቅቃችሁት ትሄዳላችሁ።

ማግኔት ብጠቀምስ?

ለመሮ፣ አይሆንም። መሮ ከባድ ነው፣ ነካ ሲያደርጉት ይወድቃል፣ የሚወድቀው ደግሞ በስለቱ ወይ በእግራችሁ ላይ ነው። በዚያ ላይ ብረቱ ማግኔት ይሆንና ከተሳለ በኋላ የብረት ብናኝ ይዞ ይዞራል። ለቻክ ቁልፍና ለትንንሽ ነገሮች ግን ጥሩ ነው።

ምን ዓይነት እንጨት ይሻላል?

18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ። ቺፑድ ርካሽ ነው፣ ግን ብሎን አንዴ ከፈታችሁበት ሁለተኛ አይይዝም። ኤምዲኤፍ ልስልስ ያለ ነው፣ ቀለም ይቀበላል፤ ችግሩ ክብደቱና ጠርዙ ላይ ብሎን ሲገባ መሰንጠቁ፣ እርጥበት ሲነካው ደግሞ ማበጡ ነው። ደረቅ ጣውላ ካላችሁ በጣም ያምራል፤ ግን እንጨት እንደ አየሩ እርጥበት በስፋቱ በኩል ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ ሰፊ በር ከአንድ ወጥ ጣውላ ብትሠሩ ሊጠመም ይችላል። ለጀርባው 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

የተዘጋጀ ልክ ትሰጠኛለህ?

እሺ። ለዘጠኝ መሮ የሚሆነው የኔ ሁለተኛው ቁም ሳጥን ከውጭ ሲለካ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 80፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ18 ሚሊ ሜትሩ ሁለት ጎን 80 በ30፣ ላይና ታች 56.4 በ30፣ አንድ የውስጥ መደርደሪያ 56.4 በ28፣ ለመስቀያ የሚሆን ማጠናከሪያ ጣውላ 56.4 በ10። በሮቹ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ30 በ80 ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ይቀነስላቸው። ጀርባው 60 በ80። የ56.4 ምሥጢር ቀላል ነው፤ 60 ሲቀነስ ሁለት ጊዜ 1.8። ከአንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም ከ122 በ244፣ ግማሽ ያህሉ ይተርፋችኋል። ለመሳቢያና ለመሮ ማቆሚያው ይሆናል።

60 በ80 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ማዕዘኑ ትክክል ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ልክ 100 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ኮላው ከመድረቁ በፊት ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። አንዱ 100.4 ሌላው 99.6 ካለ ረጅሙን ጥግ ለጥግ ጫን አድርጉት። ስኳድራ ባይኖራችሁ እንኳ ሜትር ይበቃል።

ረጅሙ መሣሪያችሁ ከ65 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን ይህን ልክ አትውሰዱ፤ ቁመቱን ጨምሩ።

ኮላ ብቻ ይበቃል ወይስ ብሎን ያስፈልጋል?

ሁለቱም። ነጩ የእንጨት ኮላ በደንብ ከተጣበቀ ከእንጨቱ ይበረታል፤ የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ግን ኮላውን ይመጠዋል፣ ስለዚህ ጠርዙን አንዴ ቀብታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት። ብሎኑ 4 በ50 ሚሊ ሜትር ይሁን። መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱለት፤ ሳትበሱ ካስገባችሁ ንብርብሩ ይከፈታል። ለአንድ ሰዓት ያህል አጥብቃችሁ ያዙት፤ ዕቃ የሚጫንበት ግን በማግስቱ ነው።

ግድግዳ ላይ እንዴት ልስቀለው? ይወድቅብኛል ብዬ እፈራለሁ

መፍራቱ ጥሩ ነው። ባዶው ሳጥን ወደ 20 ኪሎ ይሆናል። መሮዎቹ፣ ሁለት ሦስት ቻክ፣ ጥርሶቹ ሲጨመሩ 35 ኪሎ በቀላሉ ያልፋል። 6 ሚሊ ሜትሩ ጀርባ ይህን አይሸከምም፤ ብሎን በጀርባው ብቻ አሳልፋችሁ እንዳትሰቅሉ።

የሚሻለው ባለሰያፍ ጣውላ ነው። ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጣውላ በቁመቱ መሐል ለመሐል በ45 ዲግሪ ትሰነጥቁታላችሁ። አንዱ ግማሽ ሰያፉ ወደ ላይና ወደ ግድግዳው ዘንበል ብሎ ግድግዳ ላይ በውሃ ልክ ይታሰራል፤ ሌላው ተገልብጦ ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከዚያች ከ10 ሴንቲ ሜትሯ ማጠናከሪያ ጋር በብሎን ይያያዛል። ከዚያ ሳጥኑን አንሥታችሁ ታንጠለጥሉታላችሁ። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይበልጥ ይጠጋል። ከታች በኩል ያንኑ ውፍረት ያላት ቁራጭ አስገቡለት፤ አለበለዚያ የሳጥኑ ታች ወደ ግድግዳው ይገባል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር ፊሸር አራት ቦታ፤ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ከሆነ ለክፍት ብሎኬት የሚሠራውን ረጅሙን። የእንጨት ግድግዳ ከሆነ ምሰሶውን ፈልጋችሁ እሱ ላይ እሰሩ። ሲሰቀል ሁለት ሰው፣ ውስጡ ባዶ።

ቻኩ፣ ጥርሶቹና ሴንተሮቹስ?

ቻክ ከታች፣ ሁልጊዜ ከታች። ሁለት ኪሎ የሚያልፍ ብረት ከራስ በላይ አይቀመጥም። ቻኩ በሚታሰርበት የቶርኖ ዘንግ የብሎን ጥርስ ልክ የተቆረጠ አጭር የእንጨት ጉጥ አድርጋችሁ ቻኩን እላዩ ላይ ብታስቀምጡት አይንከባለልም።

ለሴንተሮች፣ ማለትም እንጨቱን በጫፎቹ ለሚይዙት ሹል ብረቶች፣ ሥራው ቀላል ነው። ቶርኖው ውስጥ የሚገባው እየቀጠነ የሚሄድ ጭራቸው ቴፐር ይባላል፤ ብዙ የቤት ቶርኖ የሚጠቀመው ሞርስ ቴፐር ቁጥር 2 የሚባለውን ልክ ነው፤ ወፍራሙ ጫፉ 17.78 ሚሊ ሜትር ነው። 18 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብትበሱ እስከ አንገቱ ልክ ግጥም ይላል። ቀዳዳው ግን እስከ ታች ይሁን፤ ሰጋቱራ ቴፐሩ ላይ ከተጣበቀ ቶርኖው ውስጥ ሲገባ አይጨብጥም፣ ይሽከረከራል፣ ውስጡንም ይቧጥጣል።

የቻክ ጥርሶች ቁጥር አላቸው፤ ከ1 እስከ 4። አራቱን ከነብሎኖቻቸው በአንድ ትንሽ ሳጥን አድርጉ። አንዲት ብሎን ጠፍታ ከሰጋቱራ ውስጥ የፈለገ ሰው የምለው ይገባዋል።

ለመሳቢያ ባለ ኳስ ሀዲድ ልግዛ?

ሌላ ክፍል ውስጥ ቢሆን አዎ። ቶርኖ አጠገብ ግን ደቃቁ ብናኝ ከቅባቱ ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል፣ ኳሶቹም ያዝ ያዝ ያደርጋሉ። የእንጨት በእንጨት ሀዲድ ሠርታችሁ ሻማ እሹበት። ሲከብድ እንደገና ሻማ። ለብርጭቆ ወረቀት የሚሆነው መሳቢያ ጥልቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ 80፣ 120፣ 180፣ 240፣ 320፣ 400 እያላችሁ በተርታ። ጥልቅ መሳቢያ ውስጥ ወረቀቱ ይቀላቀላል፤ ከተቀላቀለ ደግሞ 320 መስሏችሁ በ120 ያለቀለትን ሥራ ትቧጥጡታላችሁ።

ከቶርኖው ሥር ብሠራውስ?

ያዋጣል። ክብደት ስለሚጨምር ንዝረቱን ይቀንሳል። እንዲያውም ከታች ደረቅ አሸዋ የሚይዝ ዝግ ሳጥን መጨመር ትችላላችሁ፤ 30 ሊትር አሸዋ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። አሸዋውን በወፍራም ላስቲክ ከረጢት አስራችሁ አስገቡት። የሳጥኑ ጣሪያ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ፍቅፋቂው ይከመርበታል፤ ወደ ፊት አዘንብሉት። በጣሪያውና በቶርኖው አልጋ መካከል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ተዉ፣ መጥረጊያ እንዲገባ። መሮ ግን እዚያ አታስቀምጡ፤ በቆማችሁ ቁጥር ማጎንበስ ነው።

የመሮ መሳያ ማሽኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ቢቀመጥስ?

መሳያው ሩቅ ከሆነ መሮ አትስሉም፤ ይሄ የሰው ባሕርይ ነው። ስለዚህ ቅርብ መሆኑ ትክክል ነው። ግን የብረት ብልጭታና ሰጋቱራ አንድ ላይ አይሄዱም። ራሱን የቻለ ማቆሚያ ይኑረው። ብልጭታው የሚያርፍበት ቦታ ተጠርጎ ይዋል፤ ሰጋቱራ የሚጠራቀምበትን ከረጢት ብልጭታ በሚያርፍበት ቦታ እንዳታስቀምጡ።

ቨርኒሽና ዘይት አብሮ ይቀመጥ?

አይቀመጥ። በተለይ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ስለሆነ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ራሱ ይቀጣጠላል። ጨርቁን ውጭ አንድ ንብርብር አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ደርቆ ድርቅ ሲል ይጣላል። አኳራጁና ቨርኒሹ ክዳን ባለው የብረት ሳጥን፣ ከመሳያውና ከማሞቂያ ርቀው።

መሮዬ ኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው ብረት) ነው፤ አይዝግም አይደል?

ይዝጋል። ኤችኤስኤስ ከተራው የካርቦን ብረት የሚለየው ሲግል ጥንካሬውን አለማጣቱ ነው። የተለመደው ዓይነት ውስጥ ያለው ክሮምየም 4 በመቶ ገደማ ነው፤ የማይዝግ ብረት ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ያስፈልጋል። እርጥብ እንጨት ከቀረጻችሁ፣ በተለይ ታኒን (እንጨት ውስጥ ያለ ቆዳ የሚለፋበት ንጥረ ነገር) የበዛበት ከሆነ፣ ብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ጠርጋችሁ፣ ቀጭን ሰም ወይም ዘይት አስነክታችሁ አስገቡት። እርጥብ ግንድ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ማሳደር ደግሞ ለመሮዎቹ የእንፋሎት ክፍል እንደመሥራት ነው።

ሁሉም ቦታ ከሞላብኝ በኋላ አዲስ መሮ ብገዛስ?

ትገዛላችሁ፤ ስለ እሱ አትጨነቁ። ማቆሚያውን ሳጥኑ ላይ በኮላ አትለጥፉት፤ በአራት ብሎን ብቻ ይታሰር። ዘጠኝ ጉድጓድ ካለው ሰባቱን ሙሉና ሁለቱን ባዶ ተዉ። የኔ ሁለቱ ባዶዎች በሦስት ወር ሞልተዋል። ማቆሚያውን ፈትቼ ሌላ ለመቁረጥ የፈጀብኝ ግማሽ ቀን ነው።